የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች የዓመቱ ውጤት፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

ሰላም የሜሪላንድ ወገኖቼ። በዚህ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ከወላጆች ጋር መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ዓመታዊው ውጤት በወጣ ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚበዛ እዚህ በአንድነት ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ አንዱ ትምህርት ቤቶቹ ተሻሽለዋል ይላል፣ ሌላው ወድቀዋል ይላል። ማንን ልመን?

ሁለቱም እውነት አላቸው፣ እህቴ። ኤምካፕ በሚባለው የግዛቱ ፈተና፣ በመላው ሜሪላንድ በእንግሊዝኛ ደረጃውን ያሟሉት ተማሪዎች በ2024 ከመቶ 48.4 ነበሩ፤ በ2025 ወደ 50.8 ከፍ ብለዋል። ሒሳብም ከ24.1 ወደ 26.5 ወጥቷል። መሻሻል አለ። ግን ከአራት ልጆች ሦስቱ ያህል በሒሳብ ከሚጠበቅባቸው በታች ናቸው ማለት ነው፤ ይህ ሊያስደነግጠን ይገባል።

ካውንቲያችን ከግዛቱ አማካይ ይሻላል፤ በዚህ ግን እንዳይዘናጉ። ወደ 160,000 ተማሪዎችና ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች ያሉት፣ በሜሪላንድ ትልቁ ነው። በአንዱ ሰፈር ያለው ጥሩ ውጤት የሌላውን ድካም ይሸፍናል። የእኛ ልጆች ደግሞ የሚቆጠሩት ከጥቁር ተማሪዎች ጋር በአንድነት ስለሆነ፣ «ኢትዮጵያውያን» የሚል ረድፍ ሪፖርቱ ላይ አያገኙም። ስለዚህ የሜሪላንድ ሪፖርት ካርድ ድረ ገጽ ላይ የልጆችዎን ትምህርት ቤት ይፈልጉ። ከአንድ እስከ አምስት የሚሰጠውን ኮከብ ብቻ አይዩ፤ እንግሊዝኛ ተማሪ ልጆችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ምን እንዳመጡ ለየብቻው ተቀምጧል። ብዙ ነገር የሚገለጸው እዚያ ነው።

አባት፣ ጀርመንታውን፦ ልጄ በሒሳብ ካርዱ ላይ ኤ አለው፤ ኤምካፕ ላይ ግን ደረጃ ሁለት ነው ተባልኩ። እንዴት ይሆናል?

ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም አያለሁ። ካርዱ የቤት ሥራን፣ የክፍል ሥራን፣ እንደገና የተወሰደ ፈተናን ጨምሮ ይይዛል። ኤምካፕ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ የክፍሉን ትምህርት ያውቃል ወይ? ከአራቱ ደረጃዎች ሦስትና አራት ናቸው «አሟልቷል» የሚያሰኙት። ኤውን አይናቁት፣ ልጅዎ መልፋቱን ያሳያል። አስተማሪውን ግን እንዲህ ይጠይቁ፦ «ልጄ የሚሠራው የክፍሉን ደረጃ ሥራ ነው ወይስ ቀለል ያለ? የቱ ርዕስ ላይ ነው የጎደለው?» አልጀብራ ከመጀመሩ በፊት ክፍልፋይ ላይ ያለ ክፍተት ካልተደፈነ በኋላ እየሰፋ ይሄዳል። እኛ ወላጆች ኤ ስናይ ደስ ብሎን ዝም የማለት ልማድ አለን፤ እባካችሁ ዝም አንበል።

እናት፣ ዊተን፦ ልጄ እዚሁ ተወልዳ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ የሚሰጥበት ኢሶል ውስጥ ለምን ገባች? ስትመዘገብ አማርኛ ባልል ይሻል ነበር?

በፍጹም! ሲመዘገቡ ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ እንደሚነገር ከጻፉ ልጅቷ ትፈተናለች፤ ድጋፍ የምታገኘው ካስፈለጋት ብቻ ነው። ከዚያ በየክረምቱ፣ ማለትም በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ አካባቢ፣ በመስማት፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ትመዘናለች። እዚህ የተወለዱ ልጆች መናገሩን እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ ለዓመታት ኢሶል ውስጥ የሚያቆያቸው በአብዛኛው መጻፍና ማንበብ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ነጥቡን ትተው የአራቱን ለየብቻ ይጠይቁ። ቤት ውስጥ አማርኛ ማውራትዎን አያቁሙ። በአማርኛ ተረት የሰማች፣ የጠየቀች፣ የተከራከረች ልጅ ሐሳቧን ይዛ ነው ወደ እንግሊዝኛው የምትሄደው።

አባት፣ ሮክቪል፦ ክፍሉ ለምን ተጨናነቀ?

ገንዘብ ነው። ለኮቪድ የመጣው የፌዴራል ድጎማ በሴፕቴምበር 2024 አበቃ፤ የካውንቲው ምክር ቤትም የትምህርት ቦርዱ የጠየቀውን በሙሉ አልሰጠም። በዚያ ዓመት የክፍል ተማሪ ቁጥር በአማካይ በአንድ ያህል ተጨመረ፣ በኢንተርኔት የሚያስተምረው ቨርቹዋል አካዳሚም ተዘጋ። በጀቱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቢሆንም አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ሲቀነስ የሚነካው ሰው ነው። ቦርዱ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው በክረምት ነው፣ ምክር ቤቱ የሚወስነው በሜይ። እዚያ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ሲናገሩ የምሰማው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለገና አገር ቤት ልንሄድ ነው። ሦስት ሳምንት ችግር አለው?

አለው። በ180 የትምህርት ቀናት ከመቶ 10፣ ማለትም 18 ቀን የቀረ ልጅ «ሥር የሰደደ መቅረት» ውስጥ ይገባል። ሦስት የትምህርት ሳምንት 15 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጉንፋን ይበቃል። ጃንዋሪ 7 ቀን ለገና መቅረት በሃይማኖት በዓልነት ይፈቀዳል፣ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ቆጠራው ውስጥ ግን የተፈቀደውም ይገባል። ከተቻለ ጉዞውን ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በበጋው፣ ማለትም በጁላይ አካባቢ፣ ያድርጉት።

አያት፣ ታኮማ ፓርክ፦ ትምህርት ቤት ለስብሰባ ስጠራ የልጅ ልጄ ነው የሚያስተረጉምልኝ። ልክ ነው?

አይደለም፣ እማማ። ልጁ ስለ ራሱ የተባለውን ሳይነግርዎት ሊያልፈው ይችላል፤ ሸክሙም ለእሱ አይገባም። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ ክፍያ የለውም። አስተርጓሚው ካልመጣ ሌላ ቀን እንዲያዝ ይጠይቁ። በተለይ አይ ኢ ፒ የሚባለውን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ በደንብ ሳይገባዎት አይፈርሙ።