መልስ፦ እማማን ሞንትሪያል የዕፅዋት መናፈሻ ልውሰዳቸው ወይ?

ከደብረ ብርሃን የሚመጡት እናትህ የቻይናውን የአትክልት ስፍራ ይወዱት እንደሆነ ጠይቀሃል። ውሰዳቸው! ግን መናፈሻውን ሙሉ አታዙራቸው፤ 75 ሄክታር ነው፣ ጉልበት ይጨርሳል። ቀጥታ ወደ ቻይናው ክፍል ሂዱ። አንዳንዴ ለእድሳት ስለሚዘጋ አስቀድመህ ጠይቅ።

በ1991 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። የቤቶቹ ክፍሎች ሻንጋይ ተዘጋጅተው በመርከብ የመጡ ናቸው። ኩሬው ዳር አረፍ በሉ፤ ከድንጋይ ኮረብታው የሚወርደው ፏፏቴ ደስ ይላል። በሳህን የሚያድጉ ድንክ ዛፎችም አሉ። በሰሜን ሸዋ ያለውን የወፍ ዋሻ ደን ረጃጅም ጽድ ላየ ሰው መጀመሪያ ያስቃሉ፣ በኋላ ግን ዓይን አይነቀልም።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ከሆነ አመሻሽ ላይ ሂዱ፣ የቻይና ፋኖሶች ይበራሉ። ብርዱን እሳቸው ያውቁበታል፤ ጋቢያቸውን ብቻ ያዝላቸው።