ለቻይናዊው ባልሽም የቬትናም ቪዛ ያስፈልገዋል

እህቴ፣ «ባለቤቴ ቻይናዊ ነው፤ ከቻይናዋ ናኒንግ በመሬት ወደ ሃኖይ ልንሄድ ነው። ጎረቤት ስለሆኑ ለሱ ቪዛ አያስፈልገውም አይደል?» ብለሽ ነበር። ያስፈልገዋል። ጉርብትናው እዚህ ላይ አይሠራም። ናኒንግ ተማሪ ሳለሁ ከቻይናዊ የክፍል ጓደኛዬ ጋር በዚሁ መንገድ ስለሄድኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ቀላሉ ኢ-ቪዛ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚጠየቀው ቪዛ ነው። ቬትናም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 15 ቀን 2023 ጀምሮ ለሁሉም አገር ዜጎች ከፍታዋለች። አንቺም በኢትዮጵያ ፓስፖርትሽ እዚያው ታመለክቻለሽ። እስከ 90 ቀን ያስቆያል። አንዴ ለመግባት 25 ዶላር፣ ደጋግሞ ለመግባት 50 ነው። ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም።

ጓደኛዬን ጉድ የሠራው ስሙ ነው። የቤተሰብ ስሙ «ልዩ» ነው (እኛ ሐበሾቹ በጣም የወደድንለት ስም!)። በቻይንኛ ኪቦርድ ሲጻፍ «ኤል ቪ» ተብሎ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ግን «ኤል ዋይ ዩ» ይላል። እጁ እንደለመደው ሞላው። ቪዛው ሲመጣ ከፓስፖርቱ ጋር አልገጠመም፤ ሌላ 25 ዶላር ከፈለ። የአባት ስም የትኛው ሳጥን ይግባ እያልን የምንታመሰው እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የምትገቡበትን የድንበር በርም ቅጹ ላይ ትመርጣላችሁ። የናኒንግ–ሃኖይ መንገድ የሚያልፈው በ«ሁ ንጊ» ነው፤ ቻይኖቹ «ዮዪ ጓን» ይሉታል።

አሁን ዋናው። አዲሱ የቻይና ፓስፖርት ውስጥ ሁለቱ አገሮች የሚወዛገቡበትን የደቡብ ቻይና ባሕርን የሚያካትት ካርታ ታትሟል። ቬትናም ካርታውን ስለማትቀበል በዚያ ፓስፖርት ላይ ማኅተም አትመታም፤ የምትመታው በተለየ ወረቀት ላይ ነው። የኔ ማኅተም ፓስፖርቴ ላይ አረፈ፣ የሱ ወረቀት ላይ። ሃኖይ ላይ ወረቀቱን ሆቴል ጥሎት ወጣ። ትዝ ያለው መናኸሪያ ከደረስን በኋላ ነው። በታክሲ በርረን ስንመለስ ክፍሉ ሊጸዳ ተቃርቧል፤ ወረቀቱ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ የባልሽን ወረቀት አንቺ ያዥለት።

ያንቺ ጣጣ ደግሞ መመለሻው ነው። የቻይና የመኖሪያ ፈቃድ ካለሽና ጊዜው ካላለፈ ችግር የለም። አንዴ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ከሆነ ያለሽው ግን ድንበሩን እንደወጣሽ አለቀ፤ ለመመለስ አዲስ መጠየቅ ሊኖርብሽ ነው። የትኛው እንዳለሽ ጻፊልኝ።