መብራታችን ከውኃ ከሆነ ለምን ተወደደ? ጥያቄና መልስ

በኃይል ዘርፍ ውስጥ ፀጉሬን ያሸበትኩ ጡረተኛ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ስለ መብራት ታሪፍና ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁን ጥያቄ እንድትልኩ ጋብዤ ነበር፤ ከመሐል ከተማ የመጣው ከሁሉ በዛ። ስድቡን ትቼ ጥያቄውን ወስጃለሁ።

ጥያቄ (ከካዛንችስ)፦ ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝቻለሁ። ግድቡ ተመረቀ፣ የመብራት ሂሳቤ ግን ጨመረ። ይህ ምን ይባላል?

መልስ፦ ቁጣዎ ይገባኛል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ተርባይኑን የሚያዞረውን ዓባይን ማንም አይሸጥልንም። ከጉባ እስከ ቤትዎ ያለው ግን ሁሉም ይገዛል፦ ከፍተኛ መስመሩ፣ ማከፋፈያ ጣቢያው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቆጣሪው። የዚህ ዕቃ ብዙው የሚመጣው በዶላር ነው፤ ለዘርፉ የተወሰደው የውጭ ብድርም እንዲሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሲሞላው ከ130 አለፈ። የምንከፍለው ጭማሪ እንግዲህ የሽቦና የዕዳ ነው። ቦንዱ ደግሞ ለብቻው የቆመ ብድር ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይመለስልዎታል እንጂ ከሂሳብዎ አይቀነስም። እኔን የሚያናድደኝ ይህን አስቀድሞ በግልጽ የነገራችሁ አለመኖሩ ነው። ግድቡ ሲያልቅ መብራት ይረክሳል ብሎ ያመነ ሰው ሞኝ አልነበረም፤ ሲባል የሰማውን ነው ያመነው።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ጭማሪው መቼ ያበቃል?

መልስ፦ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተጀመረው ማስተካከያ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት እንዲዘልቅ የታቀደ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ታኅሣሥ 2011 ላይ ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት ታሪፉ ለ12 ዓመት ያህል አልተነካም። ያኔ ዝምታውን ውለታ አድርገን ቆጠርነው፤ ዕዳው ግን ከሥር ይጠራቀም ነበር።

ጥያቄ (ከአዋሬ)፦ በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ ነን፤ ቆጣሪው አንድ ነው። ድሃ ይደጎማል ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ድጎማው አልደረሰም።

መልስ፦ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ታሪፉ በእርከን የተሠራ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም በርካሽ፣ ብዙ የሚጠቀም በውድ ይከፍላል። በ2011ዱ ማስተካከያ እንኳ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታ የሚለካበት ነው) ለሚጠቀም የነበረው የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ፣ 27 ሳንቲም ገደማ፣ ሳይነካ ቆይቶ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ቆጣሪው ሰው አይቆጥርም። እያንዳንዳችሁ 50 ብትጠቀሙ በወሩ መጨረሻ 250 ሆኖ ይነበባል፤ በመዝገቡ ላይ እናንተ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ናችሁ። የመኖሪያ ቤት ፍጆታ ከ200 ኪሎዋት ሰዓት ሲያልፍ ተጨማሪ እሴት ታክስም ይከተላል። ሰፊ ቪላ ውስጥ ለብቻው የሚኖር ጡረተኛ (እንደ እኔ ያለ) በድጎማ ሲያበራ፣ በቀበሌ ቤት የተጠጋጉ አምስት እናቶች ከፍ ያለውን እርከን ይከፍላሉ። ታሪፉን የነደፉት ይህን አያውቁም ብዬ አላምንም፤ አብረዋቸው ከሠሩት አንዱ ነኝና። የየራስን ቆጣሪ ማስገባት ዋናው መፍትሔ ነው፤ ወረፋውና የቤት ካርታ ጥያቄው ግን ተከራይን ከበር ይመልሰዋል። እስከዚያው አከራያችሁ ሂሳቡን በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በአጠቃቀም እንዲያካፍል፣ ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ አስገቡ። ጠቡን ይቀንሳል፤ እርከኑን አይቀንስም።

ጥያቄ (ከልደታ ኮንዶሚኒየም)፦ ምጣዴን ሰቅዬ ወደ ከሰል ልመለስ እያልኩ ነው። ያዋጣል?

መልስ፦ እህቴ፣ እስቲ እናስላው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በሦስት ቀን አንዴ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግሩ በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት አለፈ፤ ዝቅተኛውን እርከን እንጀራው ብቻውን በላው ማለት ነው። የሚባክነው ምጣዱ እስኪግል ያለው ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ከመጋገር በአንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር፣ ከተቻለም ከጎረቤት ጋር ተከታትሎ መጋገር ይሻላል። የመጨረሻውን እንጀራ ሶኬቱን ነቅለው በግለቱ ያውጡት። ከሰል ግን በአራተኛ ፎቅ፣ መስኮት በተዘጋበት ክፍል ውስጥ ነፍስ ያጠፋል። ሰውን ወደ ከሰል የሚመልስ ታሪፍ ንጹሕ ኃይልን አስፋፋሁ ማለት አይችልም።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ፣ የታክሲ ሹፌር)፦ የቤንዚን መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ ቤንዚኑም ተወደደ። እኛ የት እንግባ?

መልስ፦ ክልከላው ጥር 2016 ላይ ይፋ ሆነ። ቤንዚን በ2014 ሰኔ መጨረሻ በሊትር ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ ተጯጯኽን፤ በ2017 አጋማሽ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በስሌት ኤሌክትሪክ ያሸንፋል። አነስተኛ የቤንዚን መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 8 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ያ ከ800 ብር በላይ ነው። የኤሌክትሪኳ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃታል፤ አንዱን 10 ብር ብናደርገው እንኳ 150 ብር ነው። ግን ቁጠባው የሚገኘው መኪናዋን መግዛት ለቻለ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና የተደረገው የቀረጥ ቅናሽ የጠቀመው በእጁ ገንዘብ የነበረውን ነው፤ አንተ በአሮጌ ሚኒባስ ውድ ነዳጅ ትቀዳለህ፣ ተሳፋሪውም ያንኑ ይከፍላል። አቅጣጫው ትክክል ነው እላለሁ፤ ለታክሲ ማኅበራት የረዥም ጊዜ ብድር ሳይዘጋጅ መጀመሩ ግን ትክክል አልነበረም።

ጥያቄ (ከሰንጋ ተራ)፦ ለቢትኮይን ቆፋሪዎች በርካሽ ይሸጣል፤ ለእኛ በውድ። ለምን?

መልስ፦ እነርሱ (በኮምፒውተር ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ድርጅቶች ናቸው) ከማከፋፈያ ጣቢያ በከፍተኛ ቮልቴጅ ወስደው በውጭ ምንዛሪ ይከፍላሉ፤ እስከ ቤትዎ ያለውን ሽቦ አይነኩም። ለአዳዲስ ጠያቂዎች በሩ በ2017 መጨረሻ ተዘግቷል። ዶላሩ ለየትኛው ትራንስፎርመር እንደዋለ መጠየቅ ግን መብትዎ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ቆጣሪዬ አብዝቶ ይቆጥራል ብዬ እጠረጥራለሁ።

መልስ፦ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይንቀሉ፣ መብራቱን ያጥፉ፣ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራት ይመልከቱ። ብልጭ ድርግም ማለቷን ከቀጠለች ወይ መስመሩ ያፈሳል፣ ወይ ከእርስዎ የቀጠለ ሰው አለ። ካቆመች፣ ለአንድ ወር ንባቡን በተመሳሳይ ቀን ፎቶ እያነሱ ከደረሰኙ ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነት ካለ ፎቶዎቹን ይዘው አገልግሎት ማዕከል ይሂዱ፣ አቤቱታዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ የመዝገብ ቁጥር ሳይቀበሉም አይውጡ።