በቪዲዮ ቴራፒ ጀመርኩ፤ ግን «ደህና ነኝ» እያልኩ ሰዓቱ ያልቃል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። እናቴ አገር ቤት ስታርፍ ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሯ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ራሴን ያመኛል፣ በትንሽ ትልቁ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። ሐኪሜ «ድብርት ነው» ብላ በቪዲዮ ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) አስጀመረችኝ። ቴራፒስቷ ሐበሻ አይደለችም፣ ግን ጥሩ ሰው ናት። «እንዴት ነሽ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ። ስለ ሥራ እናወራለን፣ ልጆቹ በር ያንኳኳሉ፣ ሰዓቱ ያልቃል። ጠብ ያለ ነገር የለም። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። መርዶ በባዕድ አገር ሰምቶ፣ አፈር ሳያለብሱ ወደ ሥራ መመለስ ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ሐዘን ያላቸው ብዙ ወገኖች ወደ ሐኪም የሚመጡት «ራሴን አመመኝ» ብለው ነው።

አይተዉት። ለድብርትና ለጭንቀት በቪዲዮ የሚሰጥ ቴራፒ ፊት ለፊት ከሚሰጠው ብዙም እንደማያንስ በተደጋጋሚ ጥናቶች ታይቷል። ስለዚህ ችግሩ ስክሪኑ አይመስለኝም። የሚያወሩበት ቦታ እና ያልተነገረው ነገር ናቸው።

ከቦታው ልጀምር። ልጆች ከበሩ ማዶ እያሉ እናት ምን ልትል ትችላለች? «ደህና ነኝ» ነው የምትለው። ቤቱ ካልተመቸ መኪናዎ ውስጥ ይቀመጡ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ግን መኪናው የቆመ ይሁን፤ እየነዱ ፈጽሞ አይሆንም። ኢርፎን ያድርጉ፣ ስልኩን በእጅ ከመያዝ የሆነ ነገር ላይ ያስደግፉት፣ የቫይበርና የቴሌግራም ጥሪዎችን ያጥፉ። የራስዎ ፊት ስክሪኑ ላይ መታየቱ የሚረብሽዎት ከሆነ እሱን መደበቅ ይቻላል። ሲያለቅሱ ራስን ማየት አፍ ያስይዛል። ቀጠሮውን ደግሞ ከሌሊት ሥራ በወጡበት ጠዋት ሳይሆን ተኝተው ከተነሱ በኋላ ያድርጉት።

ቴራፒስቷ በየጊዜው «አሁን የት ነሽ?» ብትልዎት አይደንግጡ። አደጋ ቢፈጠር እርዳታ የሚላከው እዚያ ነው። የሥራ ፈቃዷም በአብዛኛው የሚሠራው እርስዎ በዚያ ሰዓት በሚገኙበት ግዛት ነው። ቨርጂኒያ ተሻግረው ሊያወሯት ካሰቡ አስቀድመው ይንገሯት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከቀጠሮው በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ሳይናገሩት ብትዘጉ የሚቆጭዎትን። ለምሳሌ፦ «እናቴን ስላልቀበርኩ ራሴን ይቅር ማለት አቃተኝ።» ሰላምታው ሳይረዝም እሱን ያንብቡላት። ዓይኗን እያዩ ማለት ካልቻሉ ወረቀቱን እያዩ ያንብቡ፣ ወይም ቀድመው በክሊኒኩ የመልእክት መላኪያ ይላኩላት። ገመናን ለባዳ መንገር እንደ ነውር ተቆጥሮ ነው ያደግነው፤ ስለዚህ አንደበት ቢተሳሰር አይገርምም። ነገር ግን እሷ በስክሪን የምታየው ፊትዎንና ትከሻዎን ብቻ ነው። የሚንቀጠቀጠውን እጅ፣ የተጨበጠውን መሐረብ አታይም። ሰውነትዎ የሚያደርገውን በቃል ይንገሯት፦ «አሁን ደረቴን ጨነቀኝ» ይበሏት። ዝም ማለት ከፈለጉም «እያሰብኩ ነው» ይበሉ፤ አለዚያ መስመሩ የተቋረጠ ሊመስላት ይችላል።

ሐበሻ አለመሆኗ የግድ ጉዳት አይደለም። ለቅሶ፣ አርባ፣ ሙት ዓመት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ይንገሯት። ልጅ ለእናቷ ቀብር አለመድረሷ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ከሥሩ ሲያስረዱ፣ ለማንም ያልነገሩት ነገር አብሮ ይወጣል። ስሜት ሲመጣ እንግሊዝኛው ከጠፋብዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ። ሜዲኬይድን (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆነውን የመንግሥት የጤና መድን) የመሰለ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆችዎን ግን በፍጹም አያስተርጉሙ። «ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል» ብለው ከሠጉም፣ አስተርጓሚው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከሌላ ግዛት፣ በድምፅ ብቻ የሚገባ እንዲሆን መጠየቅም ይችላሉ።

ቀጥሎ «ምንም ለውጥ አላየሁም» ይበሏት። ይሉኝታ አይያዝዎት፤ ይህን መስማት የሥራዋ አካል ነው። «ምን ላይ ነው የምንሠራው? በሳምንቱ መሃል ምን ላድርግ?» ብለው ይጠይቋት። ፒኤችኪው-9 የሚባል የድብርት መለኪያ መጠይቅ አለ፤ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች ያሉት፣ ከ0 እስከ 27 የሚቆጠር ነው። በየጊዜው ይሙሉት። ውጤቱ በ5 ነጥብ ያህል ከወረደ መሻሻል አለ ማለት ነው። ለሳምንታት ንቅንቅ ካላለ ዘዴውን መቀየር፣ መድኃኒት መጨመር ወይም ሌላ ቴራፒስት መሞከር ይቻላል። ቴራፒስት መቀየር ነውር የለውም።

ሐኪምዎ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ እንድታደርግልዎትም ይጠይቁ። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ችግርም ሆነ የደም ማነስ ድካምና ድብርት የመሰለ ስሜት ሊያመጣ ይችላል። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ ከቴራፒው ጋር አይጣላም። መድኃኒት ከታዘዘልዎት ግን ለጸበሉ ብለው አያቋርጡ።

ሲጨርሱ ወዲያው ወደ ማጀት አይግቡ። መኪናው ውስጥ ትንሽ ይቆዩ፣ ወይም በእግርዎ ዞር ዞር ይበሉ።

ከመጠይቁ የመጨረሻው ጥያቄ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ መኖሩን ይጠይቃል። እውነቱን ይመልሱ። ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ወረቀት ፈርሞ ሆስፒታል የሚያስገባዎት የለም፤ መጀመሪያ አብራችሁ ትነጋገሩበታላችሁ። ቀጠሮው ሳይደርስ ሐሳቡ ከበረታ ራስን ስለ ማጥፋት ለሚያስቡና ለተጨነቁ ሰዎች ወደተዘጋጀው የእርዳታ መስመር 988 ይደውሉ። ቀንም ሌሊትም ይነሳል፣ በነፃ ነው፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ራስዎን ሊጎዱ ተቃርበው ከሆነ 911 ይደውሉ።