ፈረድክብኝ እንጂ አልዳኘኸኝም

ልጆቼ፣

የሕግ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ በየወረዳው ፍርድ ቤት ለመመደብ ደብዳቤ የምትጠብቁትን እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፈው። እኔም በ1979 ዓ.ም. እንደናንተው ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ በሻንጣዬ ውስጥ ያሉት የሕግ መጻሕፍት አራት፣ የተመደብኩበትም በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ያለች አንዲት ወረዳ ነበረች። ፍርድ ቤት የተባለው ባለ ሦስት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ነው። አንዱ ክፍል ችሎት፣ አንዱ መዝገብ ቤት፣ አንዱ የኔ ቢሮ። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ወይራ ነበር፤ ባለጉዳይ ሁሉ ስሙ እስኪጠራ ከሥሩ ተቀምጦ ይጠብቃል።

በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ከሳሽ ሆነው ቀረቡ። በሬ በዱቤ ሸጠዋል፤ ገዢው አገር ጥሎ ጠፍቷል። የከሰሱት ዋሱን ነው። ተከሳሹ ከግቢው በር ላይ ለባለጉዳይ ክስና መልስ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ያዘጋጀለትን መልስ ይዞ መጥቷል፦ «ዋስትናው በጽሑፍ ስላልተደረገ አያስገድደኝም»። ልክ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1725 የዋስትና ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። አዛውንቱ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «በላ ልበልሃ!» ብለው እንደ ጥንቱ ሙግት ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው። «አባቴ፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። ወረቀት አለ ወይስ የለም?» አልኳቸው። የለም አሉ። መዝገቡን በሩብ ሰዓት ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ስወጣ ወይራው ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ቁጣ አልነበራቸውም። «ልጄ፣ ፈረድክብኝ እንጂ አልዳኘኸኝም» ብለውኝ ሄዱ።

ዛሬም ያ መዝገብ ቢቀርብልኝ ውጤቱን አልለውጠውም፤ ሕጉ ሕግ ነው። ነገር ግን ሰውየው ያሉትን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረኝን የፍርድ ቤታችንን ታሪክ ከሽማግሌ አፍም ከመጻሕፍትም የለቀምኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ፍርድ ቤት ቤት ከመሆኑ በፊት ቃል ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ አላፊ አግዳሚውን «በሕግ አምላክ!» ብለው አቁመው ዳኛ ያደርጉታል፤ መንገደኛው ሸክሙን አውርዶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። እሱ ሊያስታርቅ ካልቻለ ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ወደ መልከኛው፣ ከዚያም ወደ አገር ገዥው ይኬዳል፤ የሚያስተዳድረውና የሚፈርደው አንድ ሰው ነበርና። መጨረሻው ዙፋን ችሎት ነው። እዚያ የተሰየሙት መኳንንት ሐሳባቸውን ሲሰጡ የሚጀምረው ከታናሹ ነበር። ታናሹ የታላቁን ሐሳብ ሰምቶ እንዳይፈራ ተብሎ ንጉሡ መጨረሻ ላይ ይናገራል። ይህን ሥርዓት ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ፤ የሰውን ፍርሃት በሚገባ ያወቁ ሰዎች የሠሩት ነው።

ክርክሩ ደግሞ ጥበብ ነበር። ተሟጋቹ በግጥምና በምሳሌ እየጠየቀ ባለጋራውን ያስጨንቃል፤ ሕዝቡ ከቦ ይሰማል። በቃሉ የተማመነ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳል፤ የተረታው ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። ዛሬ ጭቅጭቅን «እሰጥ አገባ» የምንለው ከዚያ ችሎት ወርሰን ነው። ተበዳሪና አበዳሪ ነገራቸው እስኪያልቅ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይሄዱ ነበር፤ «በዓይነ ቁራኛ» የሚለው አነጋገራችንም ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ሁሉ አላሞግስም። ደመወዝ የሌለው ዳኛ ከውርርድና ከእጅ መንሻ እየበላ የሚኖርበት ሥርዓት ድሃውን ስንት ጊዜ እንደረታው የምታውቁት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ከሚለው ተረት ነው። ልብ በሉልኝ የምለው ዋስን ነው። ያ ሁሉ ሥርዓት ያለ ወረቀት የቆመው በዋስ ቃል ነበር። ተከሳሽ ለመቅረቡ ዋስ፣ ለውርርዱ ዋስ፣ ለፍርዱ መፈጸም ዋስ። እኔ በሩብ ሰዓት የዘጋሁባቸው አዛውንት ያደጉት ዋስ ቃሉን ካጠፈ ምንም ነገር አይቆምም በሚባልበት ዓለም ውስጥ ነው።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ከግብጽ ቅብጦች ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ለዘመናት በሊቃውንት እጅ ነበር፤ ገበሬው ግን ቃሉን እንጂ መጽሐፉን አያውቀውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ፍርዱን ለዋናው ዳኛ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1923 ዓ.ም. ወጣ። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲጀመር ሁለተኛው አዋጅ የፍርድ ቤቶች ነበር፤ በዚህ የተቋቋመው መሰላል ነው ዛሬ ለምታውቁት ሥርዓት መሠረት የሆነው። በ1939 ዓ.ም. አጥቢያ ዳኛ መጣ፦ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ነገር የሚያይ፣ ማስታረቅ የሚቀናው፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በስም የሚያውቅ ዳኛ። በ1955 ዓ.ም. አዋጅ የወረዳና የአውራጃ ፍርድ ቤቶች ከከፍተኛውና ከጠቅላዩ በታች ሆነው መስመር ያዙ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ 3,367 ቁጥሮች ነበሩት። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አርቅቀውት ነው ወደ አማርኛ የተመለሰው። እኔ ይህን ሕግ እወደዋለሁ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ያበላኝ ነው። ግን ቁጥር 1725 በታወጀበት ዓመት የኔ አዛውንት ከአርባ ዓመት በላይ ነበሩ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ደጃቸው አልደረሰም፤ ቢደርስም ማንበብ አይችሉም። በሬያቸውን የሸጡት አባታቸው በሬ በሚሸጡበት ሥርዓት ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የቀበሌና የገበሬ ማኅበር የፍርድ ሸንጎዎች ተቋቋሙ። አንዳንዱ ሸንጎ ጠቡን ከሥሩ ስለሚያውቅ ከኛ የተሻለ ያይ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ቂም መወጫ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ፌዴራልና ክልል ሲለያይ አውራጃ ፍርድ ቤት ጠፋ፤ ወረዳው ግን በአዲስ ማኅተም ቀጠለ። በ1997 ዓ.ም. መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ እንዲያስገድድ ተደረገ። ወጣት ዳኞች የሰበርን ቅጽና የመዝገብ ቁጥር በቃል ሲጠቅሱ ስሰማ ደስ ይለኛል። የባለጉዳዩን ስም ከመዝገቡ ላይ ሲፈልጉ ሳይ ግን ሆዴ ይባባል።

አሁን የምለምናችሁን ልንገራችሁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችሁን ቁጥር 241 አውጡና በዝግታ አንብቡት። ክስና መልሱ ተነቦ፣ ጭብጥ ማለትም የሚያከራክረው ነጥብ ከመያዙ በፊት፣ ዳኛው ተከራካሪዎቹን በቃል ይመርምር ይላል። ብዙዎቻችን ይህን ቀን ለመልክ እናሳልፈዋለን፤ ሁሉን ከወረቀቱ አግኝተነዋል እንላለን። ወረቀቱ ግን የራፖር ጸሐፊው ነው። እሱ በአንድ ገጽ ሊያስገባው የሰውን የሦስት ዓመት መከራ ቆርጦታል፤ አልወቅሰውም፣ ሥራው ነው። እናንተ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ሳታቋርጡ አሥር ደቂቃ ስጡት። የመዝገብ ብዛት እንደሚያስጨንቃችሁ አውቃለሁ፤ እኔም በቀን ሠላሳ ቀጠሮ ይዤ አውቃለሁ። ያ አሥር ደቂቃ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀጠሮ ያተርፍላችኋል፤ ሰውየው ያለውን ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ የሚያጣላቸው ነገር ወረቀቱ ላይ ያለው እንዳልሆነ ራሱ ይነግራችኋልና።

ፍርዱን ስታነቡ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ ጠርታችሁ አትነሱ። ለኔ አዛውንት እንዲህ ማለት እችል ነበር፦ «አባቴ፣ ዋስዎ ቃሉን እንዳጠፈ አምኛለሁ። በቀድሞው ጊዜ ይህ ይበቃ ነበር። አሁን ግን ሰው ባልገባው ዋስትና እንዳይያዝ ሕጉ ፊርማ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አሰጥዎ ዘንድ አልችልም።» ውጤቱ ያው ነው፤ ገንዘባቸውን አያገኙም። ነገር ግን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ ያደጉ ሰው ናቸው። እኔ በዚያን ቀን በበሬው ላይ ጭብጦውንም ጨመርኩባቸው።

ከመዝገብ ቤቱም ሰው ጋር ተወዳጁ። የወረዳው ትዝታ ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ በክር የታሰሩትን፣ አይጥ የበላቸውን፣ ዝናብ የነካቸውን አሮጌ መዝገቦች እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ትርፍ ሰዓት ሲኖራችሁ አንብቧቸው።

እኔ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተዛውሬ ከወረዳዋ ከመነሳቴ በፊት የበሬውን መዝገብ አስፈልጌ አወጣሁት። የኔ ፍርድ ሁለት ገጽ ሆኖ፣ ቁጥር 1725 በቀይ ተሰምሮበት ይገኛል። «ከሳሽ በቃል የተናገሩት» በሚለው ሥር በራሴ እጅ ጽሑፍ ያለው ሁለት መስመር ተኩል ነው። ሰውየው «በላ ልበልሃ» ብለው ምን ሊሉ እንደነበር እዚያ ውስጥ የለም።