ባሕር ያልለመደ ሠራዊት የሠራው ድልድይ፤ ለወጣት መሐንዲሶች

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ድልድይ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ ከሁሉ የማደንቀው ድልድይ የትኛው እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ሮማውያን በጦር መርከቦቻቸው ላይ የተከሉትን፣ «ቁራ» እየተባለ የሚጠራውን የእንጨት መሸጋገሪያ እጠቅሳለሁ፤ እነርሱም ይስቃሉ።

ሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ264 በሲሲሊ ደሴት ምክንያት በሰሜን አፍሪካ ከነበረችው የባሕር ኃያል ከካርቴጅ ጋር ጦርነት ስትገጥም፣ የሚፈራ እግረኛ ጦር እንጂ ይህ ነው የሚባል የባሕር ኃይል አልነበራትም። ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢየስ እንደሚተርከው፣ ሮማውያን መሬት ነክቶ የቀረ አንድ የካርቴጅ መርከብ ማርከው፣ እርሱን አብነት አድርገው 100 ትላልቅና 20 አነስተኛ የጦር መርከቦችን ሠሩ፤ መርከቦቹ እስኪያልቁም ቀዛፊዎቹን በየብስ ላይ በተደረደረ አግዳሚ እያስቀመጡ አለማመዱ። (በደረቅ መሬት የሚቀዝፉትን ያየ መንገደኛ ምን ብሎ ይሆን?)

የተቀዳው መርከብ ግን የማይታዘዝና ዘገምተኛ ሆነ። በዚህ መርከብ ካርቴጆችን በቅልጥፍና መብለጥ እንደማይቻል ሲታወቅ፣ ፖሊቢየስ ስሙን ያልነገረን አንድ ሰው ሌላ ዘዴ አመጣ። በመርከቡ የፊት ክፍል 7 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ መዘውር ያለው ምሰሶ ይቆማል፤ 11 ሜትር ያህል የሚረዝመው የሳንቃ መሸጋገሪያ ደግሞ ምሰሶውን እንዲያቅፍ ሆኖ ስለተበሳ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ይዞራል። ከጫፉ በታች ዘነዘና የመሰለ ሹል ብረት አለው። ገመዱ ሲለቀቅ ብረቱ የጠላትን መርከብ ወለል ወግቶ ይይዛል፤ ወታደሮቹም ጋሻቸውን እስከ ጉልበት በሚደርሰው መከለያ ላይ አሳርፈው ይሻገራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ውጊያ የየብስ ውጊያ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ260፣ በሲሲሊ በሚላይ አጠገብ፣ 130 የካርቴጅ መርከቦች በንቀት ቀርበው 50 ያህሉ በሮማዊው አዛዥ በጋይዩስ ዱይልዩስ እጅ ጠፉ። ስለዚህ ከእናንተ የበረታ ተወዳዳሪ ስታዩ፣ እርሱ የያዘውን መሣሪያ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት፣ እናንተ የምትችሉትን ሥራ ወደ እርሱ ሜዳ የምታሻግሩበትን ሳንቃ ፈልጉ እላችኋለሁ።

ሆኖም የሳንቃውንም ክብደት መዝኑ። እኔ በወጣትነቴ የበጋውን ውኃ ብቻ አይቼ የዘረጋሁትን ጊዜያዊ መሸጋገሪያ የመጀመሪያው የክረምት ጎርፍ ጠራርጎ ወስዶብኛል፤ ስሌቱም ስሕተቱም የእኔ ነበር። የሮማውያንም መርከቦች በ255 በሲሲሊ ዳርቻ ማዕበል ሲያገኛቸው፣ ፖሊቢየስ እንደሚለው ከ364ቱ የተረፉት 80 ብቻ ናቸው። እርሱ የሚወቅሰው የመርከብ መሪዎችን ምክር ያልሰሙትን አዛዦች ነው፤ በዘመናችን ያሉ አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን ፊት ላይ የተጫነው ቁራ መርከቦቹን ሚዛን አሳጥቷቸዋል ብለው ይጠረጥራሉ። ሙያዬ ወደ ኋለኞቹ ያደላብኛል፤ ፖሊቢየስም ከዚያ ወዲህ ባሉት ውጊያዎች ቁራውን አያነሣውም።

ጦርነቱን በ241 የቋጨው፣ ከሲሲሊ በስተ ምዕራብ ባሉት በኤጋዲ ደሴቶች የተገኘው ድል ሲመጣ፣ ሮማውያን ከሌላ የተማረከ ፈጣን መርከብ የቀዱ 200 መርከቦች ነበሯቸው። ቀዛፊዎቻቸው በሚገባ የሠለጠኑ ነበሩ፤ ከባዱን ጭነትም አስቀድመው አራግፈዋል። በዚያ ቀን በጭነት የከበዱ መርከቦችን ይዘው የመጡት ካርቴጆች ነበሩ።