«ነቅቷል» ብላችሁ አትሂዱ

ሰላም ልጆች። የሰመመን ሕክምና የምትማሩ፣ ወይም ዘንድሮ ተመርቃችሁ በየሆስፒታሉ የተመደባችሁ፣ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ኖሬአለሁ። አሁን የሌሊት ተራ የለብኝም፤ ስለዚህ አነባለሁ። ያነበብኩትን ካየሁት ጋር ሳስተያየው አንድ ነገር ልነግራችሁ ፈለግኩ፤ በተማሪነቴ ማንም አጥብቆ አልነገረኝም፣ እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ ከአዲስ አበባ ርቆ ያለ ሆስፒታል ተመድቤ ነበር። አንድ ማታ አንዲት እናት በኦፕራሲዮን ልትወልድ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ስፓይናል፣ ማለትም በጀርባ ተወግቶ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን ሰመመን፣ ሰጠኋት፣ በአንድ ውጋት ገባልኝ፣ ግፊቷ ትንሽ ወረደና በፈሳሽና በመድኃኒት መለስኩት፣ ሕፃኑ ወጥቶ አለቀሰ፣ እሷም ቀና ብላ «ምንድን ነው?» አለችኝ። ሴት ናት አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ወደ ዋርድ ወሰዷት፣ እኔም ቀጣዩን በሽተኛ ያዝኩ።

ጠዋት ዋርድ ስገባ አልጋዋ ባዶ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ደም ሲፈሳት አድሯል። ቻርቷን አነሳሁ። የመጨረሻው የደም ግፊት የተጻፈው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በታች ምንም የለም። ያን ሌሊት ዋርዱን የያዘችው አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች፤ አንድ ሰው ያን ሁሉ አልጋ እንዴት አድርጎ ያዳርሳል? በእሷ አልፈርድም።

ለዓመታት ለራሴ «እኔ በሕይወት ነው ያስረከብኳት» እል ነበር። ስፓይናሉ ጥሩ ነበር፣ ግፊቷ ጥሩ ነበር፣ እያወራችኝ ነው የወጣችው። አሁን ግን እንደዚያ አልልም።

በ2018 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ትልቅ የአፍሪካ ጥናት አወጣ። በ25 አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች፣ ኦፕራሲዮን የተደረጉ ከ11,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ ነው። የእኛ አህጉር በሽተኞች ከሌላው ዓለም በዕድሜ ወጣት ናቸው፣ ተደራቢ በሽታቸውም ያነሰ ነው። እንዲያም ሆኖ የሚሞቱት ከዓለም አማካይ በእጥፍ ነው። እኔን ከመቀመጫዬ ያስነሳኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ ከሞቱት 94 ከመቶ የሚሆኑት የሞቱት ከኦፕራሲዮኑ ቀን በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ አይደለም፣ ቱቦ ስናስገባም አይደለም። እኛ «ነቅቷል» ብለን ከሄድን በኋላ ነው።

ያንን ሳነብ ያቺ እናት ፊቴ ድቅን አለች።

በሚቀጥለው ዓመት የዚያው ጥናት ተመራማሪዎች በኦፕራሲዮን የወለዱትን እናቶች ለብቻ አውጥተው አዩ። ከ200 እናቶች አንዷ ገደማ ትሞታለች። ይህ ከሀብታም አገሮች ጋር ሲነጻጸር 50 እጥፍ ነው። ከሞቱ ጋር አብረው ከተገኙት ምክንያቶች ደም መፍሰስ አለበት፣ የሰመመን ችግርም አለበት። ሁለቱም እኛን ይመለከታሉ።

እኛ ስንማር ጠቅላላ ትኩረታችን በሁለት ሰዓታት ላይ ነበር፦ ማስተኛትና መቀስቀስ። አውሮፕላን ማስነሳትና ማሳረፍ ነው ይሉን ነበር። እውነት ነው፣ እነዚያ ሰዓታት ቀልድ አያውቁም። ነገር ግን ያለፉት አሥር ዓመታት ጥናቶች ዓይናችንን ወደ ዋርድ፣ ወደ ሌሊቱ አዙረውታል። ለዚህ ነው ዛሬ ሙያችን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያለውን ዝግጅትና በኋላ ያለውን ክትትል ጨምሮ የሚቆጠረው።

ታዲያ ምን እናድርግ? «እንከታተላቸው» ማለት ቀላል ነው። እነዚያው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞከሩት። ለአደጋ የተጋለጡትን በሽተኞች በቀላል ነጥብ አሰጣጥ ይለያሉ፤ ከዚያ ለነርሷ በሚታይ አልጋ ላይ ማስተኛት፣ ቶሎ ቶሎ መለካት፣ ቤተሰብ አጠገባቸው እንዲሆን መፍቀድ፣ ሲቻልም የተሻለ ክትትል ወዳለበት ክፍል ማዛወር። በ28 አገሮች፣ በ332 ሆስፒታሎች፣ ከ28,000 በላይ በሽተኞች። ውጤቱ በ2021 ወጣ። የሞቱት ቁጥር አልቀነሰም።

ይህን ጥናት ብዙዎች «አልሠራም» ብለው ያልፉታል። እናንተ ግን እንዳታልፉት። እኔ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ የገባኝም እንዲህ ነው፦ ማየት ብቻውን አያድንም። ግፊቷ 80 መሆኑን ጽፎ የሚሄድ ሰው ቢበዛ፣ ተነስቶ የሚሮጥ እጅ ከሌለ ምን ይጠቅማል?

እንዲህ የምላችሁ ሌላ ጥናት ስላለ ነው። በ2023 ኒው ኢንግላንድ በሚባለው መጽሔት የወጣ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ የተሠራ ነው። በምጥ የወለዱ እናቶች ሥር የሚፈሰውን ደም የሚሰበስብ፣ መስመር የተደረገበት ፕላስቲክ ይነጠፋል። ደሙ በዓይን አይገመትም፣ ይለካል። መስመሩን ሲያልፍ ደግሞ አንዱን ሞክሮ ውጤቱን መጠበቅ የለም፤ ማህፀን ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ፈሳሽ፣ ምርመራ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጀመራል። ከባድ ደም መፍሰስና እሱ የሚያስከትላቸው አደጋዎች በ60 ከመቶ ቀነሱ። ስድሳ! አዲስ መድኃኒት የለበትም እኮ። ልዩነቱ ያየው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ቀድሞ ማወቁና ዕቃው እጁ ላይ መሆኑ ነው።

ትራኔክሳሚክ አሲድን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር በጣም አደራ። አምፑሉ አንዳንዴ ለስፓይናል ከምንጠቀምበት ቡፒቫኬይን ጋር ይመሳሰላል። በስህተት ጀርባ ውስጥ የተወጋበት አጋጣሚ በተለያዩ አገሮች ደርሷል፣ ከደረሰባቸው በሽተኞችም ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ማስጠንቀቂያ ያወጣበት ጉዳይ ነው። አንድ ትሪ ላይ፣ አንድ መሳቢያ ውስጥ አብረው አይቀመጡ። ሌላ ሰው ቀድቶ ቢሰጣችሁ እንኳን አምፑሉን ራሳችሁ ሳታነቡ አትውጉ። ደክሟችሁም ቢሆን። በተለይ ደክሟችሁ ከሆነ።

ሌላው ጣት ላይ የምትሰኳት፣ የደም ኦክስጅን የምትለካው ፐልስ ኦክሲሜትር ናት። ይህች መሣሪያ በዕድሜዬ ካየኋቸው ሁሉ ብዙ ነፍስ ያዳነች ናት፤ እሷ ሳትኖር በከንፈር ቀለም ብቻ የሠራንባቸውን ዓመታት አስታውሳለሁ። ነገር ግን በ2020 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ሁላችንንም አስደነገጠ። መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 እያነበበች በደም ምርመራ ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁር በሽተኞች 12 ከመቶ ገደማ፣ በነጮች ግን 4 ከመቶ አይሞላም። ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የእኛ በሽተኞች ቆዳ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ስለዚህ 93 ስታዩ «ደህና ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። አተነፋፈሱን ቁጠሩ፣ ምላሱን እዩ፣ ቁጥሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ስንት እንደነበር ጠይቁ። የበሽተኛዋ ጥፍር ላይ ጠቆር ያለ ሂና ካለ መሣሪያዋን ወደ ጆሮዋ ውሰዷት።

አሁን ደግሞ ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ፤ ጾም። የሃይማኖቱን ማለቴ አይደለም። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምሱ» የምንለውን ነው። በሽተኛዋ ማታ አንድ ሰዓት ላይ በልታ፣ ተራዋ በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ መብራት ይጠፋል ወይም ደም አልተገኘም ተብሎ ለነገ ይተላለፋል። የአውሮፓም የአሜሪካም መመሪያ ንጹሕ ፈሳሽ፣ ማለትም ውኃ ወይም ወተት የሌለው ሻይ፣ ሰመመን ሊሰጥ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቅዳል። ለልጆች የአውሮፓው መመሪያ በ2022 ወደ አንድ ሰዓት አውርዶታል። በርግጥ አንጀቱ የተዘጋ፣ ምጥ ላይ ያለች፣ አደጋ ደርሶበት የመጣ ሌላ ነው፤ እነሱን ሆዳቸው ሙሉ እንደሆነ ቆጥራችሁ ያዙ። የቀረው ግን በጥማት እየተቃጠለ፣ ራሱን እያዞረው ወደ ጠረጴዛው መምጣት የለበትም። በተጠማ ሰው ላይ ስፓይናል ስትሰጡ ግፊቱ እንዴት እንደሚወርድ አይታችኋል።

ጠዋት ጠበል ጠጥተው የሚመጡም አሉ። እንዳትቆጧቸው። ከተቆጣችሁ ቀጣዩ ሰው ይደብቃችኋል፣ የተደበቀው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በስንት ሰዓት እንደጠጡ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ እምነት ተበጥብጦበት እንደሆነ በአክብሮት ጠይቁ። በትሕትና ሲጠየቅ ሁሉም ይናገራል።

ስፓይናል ይሻላል ወይስ ሙሉ ሰመመን የሚለውን ክርክር ተማሪዎች ይወዱታል። ዳሌያቸው በተሰበረ አረጋውያን ላይ በ2021 የወጣው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት 1,600 ሰዎችን አይቶ፣ ከ60 ቀን በኋላ በሞትም ሆነ መራመድ ባለመቻል ልዩነት አላገኘም። በደንብ የምትችሉትን፣ ለዚያ ሰው የሚስማማውን ምረጡ፤ ጉልበታችሁን ለሌሊቱ አስቀምጡት።

ቁስል ማመርቀዝም የቀዶ ሐኪሙ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ላይፍቦክስ የሚባለው ድርጅት ከእኛው ሆስፒታሎች ጋር ሆኖ የሠራውን ክሊን ከት የሚባል ፕሮግራም ፈልጋችሁ አንብቡ። የእጅ መታጠብ፣ የዕቃ ንጽሕና፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ፣ እነዚህን የመሳሰሉ ተራ ነገሮች ናቸው፤ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ኢንፌክሽኑን በ35 ከመቶ ገደማ ቀነሱ። አንቲባዮቲኩን በደም ሥር የሚሰጠው ማን ነው? እናንተ ናችሁ። ከመቆረጡ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ይግባ፣ ሰዓቱም ይጻፍ።

የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ጥገና ቼክሊስትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2009 በወጣው የስምንት ከተሞች ጥናት ሞትን ከ1.5 ወደ 0.8 ከመቶ አውርዶታል። ሦስት ክፍል አለው። ከመተኛት በፊት ያለውን እንሞላለን፣ ከመቆረጥ በፊት ያለውንም እንሞላለን። ሦስተኛው፣ በሽተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት የሚነበበው፣ ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ራይት ተደርጎበት ይታለፋል። እዚያ ላይ ግን «ለዚህ በሽተኛ ማገገም ዋናው ስጋት ምንድን ነው?» የሚል አለ። ያን ማታ ጮክ ብዬ ጠይቄው ቢሆን፣ ማህፀኗ ላላ ብሎ እንደነበር ሐኪሙ ይናገር ነበር። እኔም ለነርሷ «ይህችን እናት ከሁሉ አስቀድሚያት» እላት ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ተረኛ ከሆናችሁ እንዲህ አድርጉ። በሽተኛውን ስታስረክቡ ወረቀት ብቻ አትስጡ፣ አልጋው አጠገብ ቆማችሁ ተናገሩ። ግፊቱ ከስንት ሲወርድ፣ ትንፋሹ ከስንት ሲበልጥ ትጠራኛለህ የሚለውን በቁጥር ጻፉ፣ ስልካችሁን ከሥሩ አስፍሩ። ሲደወልላችሁ ደግሞ ምንም ሆኖ ባታገኙት እንኳን አመስግናችሁ ተመለሱ፤ አንዴ የተቆጣችሁት ነርስ ሁለተኛ አይደውልላችሁም። አስታማሚዋንም አትርሱ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን ሳትከድን የምታድረው እሷ ናት። አንሶላው ሲርስ፣ የበሽተኛዋ እጅ ሲቀዘቅዝ፣ ንግግሯ ሲዘባረቅ ሮጠሽ ጥሪ በሏት። ከመውጣታችሁ በፊት አንዴ ዞር ብላችሁ እዩዋቸው። ስማችሁን ትጠይቃችሁ ይሆናል። ንገሯት፣ የት ክፍል እንደምታድሩም አሳዩዋት።